የማኅበሩ ገንዘብና ብርቄ ያልረገጠችው ደሴት

አክስቴ ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሂሳቧ በቋጠሮ ነበር። ወገቧ ላይ የምትጠመጥመው ነጭ መቀነት ጫፎቹ ሁልጊዜ ቋጠሮ በቋጠሮ ናቸው። አንዱ የጨው መግዣ፣ አንዱ የግብር፣ አንዱ የሰው አደራ። የቱ የምን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ባሏ መልአኩ በሕይወት ሳለ ሊያሾፍባት ብሎ ሁለቱን ቋጠሮ አቀያይሮ ቢያስርባት፣ አርብ ገበያ ደርሳ በጣቷ ስትዳብስ ነቃችበት። የግማሽ ቀን መንገድ ተመልሳ መጣችና ሰድባው ወደ ገበያዋ ሄደች ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የእሷን ሥራ ግን ይመስላል።

መንደራችን ታች ጋይንት ውስጥ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት የሥላሴ ማኅበር ነበረ። በየወሩ በሰባት ቀን በየተራ ይደገሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸለያል። አንድ ቀን የደብሩ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ «ናርጋ ሥላሴን በዓመት በዓላቸው ሳንሳለም ብንሞት ምን ብለን እንመልሳለን?» አሉ። ናርጋ ጣና ባሕር ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለመሪጌታ ግን ከዚያም በላይ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለደቀ መዛሙርት ዜማ ሲያስተምሩ፣ የጥር ሥላሴን ማኅሌት ናርጋ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን ሳይነቀንቁ መቅረታቸው እንደ እሾኽ ይወጋቸው ነበር።

ማኅበርተኛው ተስማማ። ሁለት ዓመት ድግሱን ቀነስ አደረጉ፤ ጠላው ቀጠነ፣ ወጡም ቀጠነ፤ በመጨረሻ ስልሳ ብር ተጠራቀመ። ገንዘቡን መሪጌታ ይያዙት ሲባል መጀመሪያ እንቢ ያሉት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው።

«እኔ ከያዝሁት ደብረ ታቦር ሳንደርስ ያልቃል» አሉ። «ለብርቄ ስጧት።»

ልክ ነበሩ። መሪጌታ የለበሱትን ጋቢ ሦስት ጊዜ ለለማኝ ሰጥተው በቀሚስ ብቻ ቤታቸው የገቡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው አራተኛውን ጋቢ ስታለብሳቸው ጥለቱ ላይ በጥቁር ክር ምልክት ሰፍታበታለች፤ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ስታየው እንድታውቀው።

ብርቄም ገንዘቡን ተቀበለች። የራሷ ጉዳይም ነበራት። መልአኩ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት በተመለሰ ጊዜ፣ «ባሌን ካዳናችሁልኝ በእጄ የፈተልሁትን መጋረጃ ናርጋ አመጣለሁ» ብላ ለሥላሴ ተስላ ነበር። መልአኩ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ሰው ሁሉ ስለቱ ቀረ ሲል እሷ መፍተሏን አላቆመችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «እነሱ ቢተዉኝ እኔ እተዋለሁ እንዴ?» ትል ነበር፤ በጸሎትም በቁጣም መካከል ባለ ድምፅ። አራት ዓመት ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ፣ ያንን መጋረጃ አጥፋ ይዛ ነው የወጣችው። ናርጋ መድረስ አለባት። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ከገና ማግሥት ሰባት ሆነው ተነሡ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ከወንዶቹ መሪጌታንና አስማረን ካወቅን ይበቃል። አስማረ ጥሩ ገበሬ ነው፤ አፉ ግን ከእርፉ የፈጠነ። ሁለተኛዋ ሴት እማሆይ አመተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ናቸው፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሁሉን የሚሰሙ፣ ባልተጠየቁበት የሚመልሱ።

ሦስት ቀን በእግር ተጉዘው ደብረ ታቦር ገቡ። ከዚያ በእህል ጭነት ላይ ተቀምጠው ባሕር ዳር ወረዱ፤ በሰው አንድ ብር ከሃምሳ። ብርቄ አሥር ብር ከሃምሳውን ስትከፍል ፊቷ እንደ ሬት መረረ፤ ሆኖም የታሰበ ነበር። የመመለሻውንም ያንኑ ያህል ለብቻው ቋጠረች። ይህን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ አሰረችው።

ባሕር ዳር ላይ የአንድ ነጋዴ የሆነች ሞተር ያላት ጀልባ ተከራዩ። ነጂዋ ማሩ የሚባል፣ ከሐይቁ ዳር የተወለደ፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን ውኃ የሚያይ ጎልማሳ ነው። በቀን ስድስት ብር። የነገውን ዛሬ ማታ።

«ማታ ካልተከፈለኝ ጠዋት አልነሣም» አለ።

«ብትሞትብንስ?» አለችው ብርቄ።

«እኔ ከሞትሁ ጀልባዋን ማን ይነዳታል እናቴ? ያኔ ገንዘቡም ለተዝካሬ ይሆናል።»

አራት ቀን፣ ሃያ አራት ብር። እሱንም ቋጠረች። ለየገዳሙ ሦስት ሦስት ብር ለጧፍና ለዕጣን፤ ለምግብና ለማይታወቅ ነገር የቀረው። ሲደመር ልክ መጣ። ሰባት ሰው አራት ቀን ደሴት ለደሴት የሚያዞር፣ አገሩ የሚመልስ ገንዘብ ወገቧ ላይ ነበር። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ ጀልባዋ ስትወዛወዝ የጀልባዋን ዳር አልያዘችም፤ መቀነቷን እንጂ።

መጀመሪያ የደረሱት ክብራን ገብርኤል ነው። ችግሩ የታየው ያን ጊዜ ነው። ክብራንን ሴት አትረግጠውም። ይህን ማንም ያውቃል፤ ብርቄም ታውቃለች። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ማን ይያዝ ሲባባሉ፣ አሥራ ሁለት ሰው ሆነው ተቀምጠው፣ ገንዘቡ ከሴት ወገብ ላይ ሆኖ ሴት ወደማትወጣበት ደሴት ምን ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

ብርቄ ሦስት ብር ፈትታ ለመሪጌታ ሰጠች። ወንዶቹ ወጡ። እሷና እማሆይ ጀልባዋ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ማሩ መረቡን ይጠግናል። ከዛፎቹ በላይ የወንዶቹ ሳቅ አንዳንዴ ይሰማል።

«ይስቃሉ» አለች ብርቄ።

«ገዳም እኮ ነው፤ ደስታ ነው» አሉ እማሆይ።

«ደስታ በነጻ ከሆነ መልካም።»

መሪጌታ ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ብርቄ ያንን ብርሃን አይታ መቀነቷን ጨበጠች።

«ብርቄ ልጄ፣ አምስት ብር ጨምሪ።»

«የምን አምስት ብር መሪጌታ?»

«ለታቦቱ ጃንጥላ ቃል ገብተናል። ያላቸው ጃንጥላ አርጅቶ ብታዪው ታለቅሺያለሽ።»

«ማን ነው ቃል የገባው?»

«ማኅበሩ ነዋ!»

«ማኅበሩ እዚህ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየመታው እኮ ነው! እኔ አልገባሁም፣ እማሆይም አልገቡም።»

«እኔስ ብጠየቅ እገባ ነበር» አሉ እማሆይ መቁጠሪያቸውን ሳያቆሙ።

አስማረ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። «ምን ይደረግ! የማኅበሩ አፍ ላይ ወጣ፣ የማኅበሩ መቀነት ታች ቀረ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እኔማ ዝም ብዬ ነው። አንቺ ግን ባልሽ ገነት የገባው ካንቺ ሂሳብ ሸሽቶ መሆን አለበት።»

ይህን ሲል መሪጌታ በመቋሚያቸው ጎሸም አደረጉት። ብርቄ ግን አልሰማችውም። ለማይታወቅ ነገር ያስቀመጠችውን ቋጠሮ በጥርሷ ስትፈታ ነበር። ያልታወቀው ነገር በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ደሴት ታወቀ። ከገዳም ፊት የተገባ ቃል አይታጠፍም፤ የጎደለውን ከሌሎቹ ገዳማት ድርሻ ቀንሳ ሰጠች። መነኮሳቱ አንዲት ሳንቲም አልጠየቁም እኮ፤ መሪጌታ ናቸው ያረጀ ነገር አይተው ማለፍ የማይችሉት።

በማግሥቱ ዘጌ ወረዱ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። እዚያ ሴት ትገባለች። ብርቄ ከሁሉ ቀድማ ወጣች፤ ከመሪጌታ ጎን አንድ እርምጃ አልራቀችም። እሳቸው ሥዕሉን ባዩ ቁጥር እሷ እጃቸውን ታያለች። ለቤተ ክርስቲያኑ አንድ ብር ራሷ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተተች። አስማረ አንድ ዘንቢል ሎሚ አሥር አሥር ሳንቲም እየጨመረ ሊገዛ ሲል ቀደመችውና ሻጩን እስኪደነግጥ አዋከበችው ይባላል፤ ሰውዬው ሎሚውን በስሙኒ ሰጥቶ ዘንቢሉንም ረስቶ ሄደ። ያን ቀን የማኅበሩ ገንዘብ በሰላም ዋለ። ማታ ለማሩ ስድስቱን ብር ስትሰጠው ፈገግ ብላለች፤ እማሆይ ደጋግመው ይመሰክሩ ነበር።

ጥር ስድስት ቀን፣ የሥላሴ ዋዜማ፣ ረፋዱ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ደረሱ። ዳጋም ሴት የማትረግጠው ነው። ከዳጋ ናርጋ ሩቅ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ደርሰው ዋዜማውን ይቆማሉ፣ ሌሊቱን ማኅሌት፣ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያ መመለስ። በመቀነቷ ሃያ አንድ ብር ከሃምሳ ቀርቷታል። ለነገው ጀልባ ስድስት፣ ለመኪናው አሥር ከሃምሳ፣ ለዳጋ ሦስት፣ ለናርጋ ሁለት። አንድ ስሙኒ አይተርፍም፣ አንድ ስሙኒ አይጎድልም።

«መሪጌታ» አለች ሦስቱን ብር ስትሰጥ፣ «በሥላሴ ይዤዎታለሁ። ቃል እንዳይገቡ።»

«አልገባም።»

«ጃንጥላ ቢያዩ አይዩ።»

«አላይም አልሁሽ እኮ!»

«ማሩ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት» አለ ማሩ። «ከዘጠኝ በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ከተነሣ ሰባት ሰው ጭኜ አልወጣም።»

ወንዶቹ በዛፎቹ መካከል በዳገቱ ወጥተው ጠፉ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ሰባት ሰዓት ላይ አስማረ ብቻውን እየዘለለ ወረደ፤ የውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ቆመ።

«እቴ ብርቄ፣ አሥር ብር አምጪ ተብለሻል።»

ብርቄ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። «ስንት?»

«አሥር።»

«ለምን?»

«ስለት ነው አሉ።»

«የምን ስለት? የማን ስለት? አሁን ጠዋት በሥላሴ ይዣቸው!»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ መሪጌታ ናቸው የላኩኝ። ሎሚ ካለሽም አንድ ወርውሪልኝ፤ ዳገቱ ውኃ ጥም ነው።»

«ሎሚ! ሂድና ንገራቸው፤ አሥር ብር የለም። አሥር ብር ከሰጠሁ ነገ ጀልባ የለም፣ ከነገ ወዲያ መኪና የለም። አሁኑኑ ውረዱ ብላለች በላቸው። ገባህ?»

«ገባኝ። እንዲህ ተቆጥተሽ ግን አልነግራቸውም፤ ለገዳም አይስማማም።»

ወጣ። አልተመለሰም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ብርቄ ጀልባዋ ውስጥ ተነሥታ ቆማ፣ «መሪጌታ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ዛፎቹ ላይ ከነበሩት ወፎች በቀር ማንንም አላስነሣም። አንድ መነኩሴ ከላይ ብቅ ብሎ በምልክት ጸጥ እንድትል ለመናት። ተቀመጠች። ገንዘቡ የእሷ፣ ደሴቱ የእነሱ። ወጥታ በእጃቸው ጎትታ አታወርዳቸው። አንድ እግሯን ብታሳርፍ ኃጢአት ነው፤ ካላሳረፈች ደግሞ አራት ዓመት የፈተለችው መጋረጃ ናርጋ ደጃፍ ደርሶ ሊመለስ ነው።

ማሩ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ። «እናቴ፣ ውኃው ጠቁሯል። ወይ አሁን፣ ወይ ነገ።»

«ትንሽ ጠብቅ።»

«ጠበቅሁ።»

ከዚያ ብርቄ ስታስበው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያቃጠላት ነገር ድንገት የተገላበጠ መሰላት። እሷ ወደ እነሱ አትወጣም፤ እውነት ነው። ግን እነሱም ያለ ጀልባ ከደሴቱ አይወጡም። መቀነቱ እሷ ጋ ነው። አምስት ወንድ ተሰብስቦ፣ ከላይ ሆኖ፣ ያለ ገንዘብ ምን ቃል ይገባል?

«ንዳው» አለችው ማሩን።

«አንቺ ልጅ!» አሉ እማሆይ። «መሪጌታን ጥለሽ?»

«ጣልኋቸው እንዴ? ገዳም እኮ ነው ያሉት! ከዚህ የተሻለ የት ያድራሉ?»

«ማኅሌቱስ?»

ማሩ ገመዱን ፈታ።

ናርጋ ሲደርሱ ሕዝቡ ከደቅም፣ ከየብሱም በታንኳ መጥቶ ቅጥሩን ሞልቶታል። ለማሩ የነገውን ከፈለች፤ መጋረጃውን በራሷ ላይ ተሸክማ በሰው መካከል ገባች። ስጦታ የሚቀበሉት ቄስ ፊታቸው ላብ በላብ ነው፤ ከግራ ጧፍ፣ ከቀኝ ዕጣን፣ ከኋላ በግ ይሰጣቸዋል። መጋረጃውን ተቀብለው፣ «ሥላሴ ይቀበሉሽ» ብለው፣ ከሌሎች ጨርቆች ላይ ከመሩት። ብርቄ «ወልደ ጊዮርጊስ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የመልአኩ የክርስትና ስም ነው። ከኋላዋ በግ የሚጎትት ሰው ገፋት፣ ሌላው ገፋው፣ እሷም ሳትናገር በሌላው በር ወጣች። አራት ዓመት የፈተለችው ነገር የእሷ መሆኑ ያበቃው እዚያ ነው፤ ስሙም አፏ ውስጥ ቀረ። ተመልሳ ልትገባ ሦስት ጊዜ ሞክራ አልሆነላትም።

«ያን ጊዜ» ትለኝ ነበር፣ «በጉን አይደለም፣ ባለበጉን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።»

ሌሊቱን ሲቆም ያደረው ማኅሌት ግሩም ነበር ይላሉ እማሆይ። ብርቄ ስለ ማኅሌቱ ምንም አትልም። ከበሮው በተመታ ቁጥር፣ ነፋሱ ወደ ዳጋ የሚነፍስ መሆን አለመሆኑን ትሰማ እንደነበር ነው የነገረችኝ።

ጎሕ ሲቀድ ከዳጋ ሁለት የደንገል ታንኳ መጣ። አምስቱ ወንዶች እስከ ጉልበታቸው ርሰው ወረዱ። ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴው ሊገባ ነው። ብርቄ ዳር ቆማ ጠበቀቻቸው። መልሷን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅታዋለች፤ እሳቸው አንድ ሲሉ እሷ አሥር ልትል። መሪጌታ የቀሚሳቸውን ዳር ጨምቀው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እንደምን አደርሽ ብርቄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስንት ቀረሽ?»

አዘጋጅታው የነበረው ሁሉ ጠፋት። «ምን አሉ?»

«ገንዘቡ። ስንት ቀረሽ?»

«መሪጌታ! አሁንም! ማኅሌቱ አምልጦዎት፣ ታንኳ ላይ ሊሰጥሙ ደርሰው፣ አሁንም ስንት ቀረሽ?»

«ትናንት ራት አበሉን፣ አልጋቸውን ለቀቁልን፣ ጠዋት በታንኳቸው አደረሱን። አንዲት ሳንቲም አልጠየቁንም። እኛም ባዶ እጃችንን ወጣን። ስሙም ተጽፏል።»

«የምን ስም?»

መሪጌታ ግራ ገባቸው። ወደ አስማረ ዞሩ። አስማረ ወደ ውኃው ዞረ።

ነገሩ ይህ ነበር። ዳጋ ላይ የሚጸለይለት ሰው ስም የሚጻፍበት መዝገብ አለ። መሪጌታ ሦስቱን ብር ለጧፍ ከሰጡ በኋላ፣ የማኅበሩን አሥራ ሁለት ሰው ከነሙታናቸው እንዲጻፍ ለመኑ። የመዝገቡ ጠባቂ የሚቀበሉት የሰጪውን ፈቃድ ነው፤ አሥር ብር ያሉት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። ገንዘቡ ከታች እስኪመጣ ተብሎ መጻፉ ተጀመረ። ገንዘቡ አልመጣም፤ ጀልባዋም ሄደች። ጠባቂው ግን ብዕራቸውን አላስቀመጡም።

«ወልደ ጊዮርጊስም ተጽፏል» አሉ መሪጌታ። «በአንቺ ስም ሥር። ከሁሉ በፊት እሱን ነው ያስጻፍሁ።»

«የክርስትና ስሙን ማን ነገረዎት?»

«ፍትሐቱ ላይ የጠራሁት እኔ አይደለሁም?»

ብርቄ ዞራ አስማረ ላይ ወረደችበት።

«አንተ! ለምን እንደሆነ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ስለት ነው አልሁሽ እኮ።»

«ስለት! ስለት ነው ብሎ ነገር! ስም ነው አትልም? የባልሽ ስም ነው አትልም? ሎሚ መጠየቅ ስታውቅ!»

«ብነግርሽ ትሰጪ ነበር?»

ይህን ጥያቄ እስክትሞት ድረስ አልመለሰችውም። እኔም ጠይቄያት አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ሎሚው መናገር ትጀምራለች።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ማሩን ጠርታ በመመለሻው ላይ ዳጋ ጎራ እንዲል ነገረችው። ለማሩ መንገዱ ነው፤ እሺ አለ። ደሴቱ ሥር ሲደርሱ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሁለት ጊዜ ያሰረችውን ቋጠሮ ትፈታ ጀመር። አልፈታ አላት። በጥርሷም አልፈታ አላት። እማሆይ መርፌ አውጥተው ሰጧት፤ በመርፌ ፈታችው። አሥሩን ብር ለመሪጌታ ዘረጋች።

«በምን ልንሄድ ነው?» አለ አስማረ።

«በእግርህ! ትናንት ዳገት ስትዘልል እግር አልነበረህም?»

መሪጌታ ብሩን ተቀብለው ከጀልባዋ ሲወርዱ ጠራቻቸው። «መሪጌታ! አሥር ካሉ አሥሩን ነው፤ ግን እስቲ ይጠይቁልኝ፣ ከአሥሩ የሚመልሱት ካለ—»

«ብርቄ!»

«እሺ፣ እሺ። ይሂዱ። ስሙን ግን አይተው ይምጡ። በዓይንዎ።»

ወጡ። እሷ ከታች ሆና የነጭ ጋቢያቸውን ጫፍ፣ በጥቁር ክር ምልክት የተሰፋበትን፣ ዛፉ እስኪውጠው ድረስ አየችው። ሲመለሱ ገና ውኃው ዳር ሳይደርሱ፣ «አዩት?» አለች።

«አየሁት።»

«እንዴት ሆኖ ተጽፏል?»

መሪጌታ ጀልባዋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። «በቀይ ቀለም» አሉ።

ከባሕር ዳር ሰባቱም በእግራቸው ተመለሱ። በሎሚና በተለመነ ቆሎ፣ ሰባት ቀን። አስማረ መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ መቀነት አልቀለደም። መሪጌታ በሚያዝያ ታመው በግንቦት ሞቱ፤ ናርጋን ዳግም አላዩም። ያመለጣቸውን ማኅሌት አንድ ቀን አላነሡባትም፤ በቁጣም፣ በቀልድም፣ በኑዛዜም። ብርቄን ከሁሉ ይበልጥ የሚያናድዳት ይህ ነበር። «ቢሰድቡኝ ምን ነበር!» ትላለች ጉልበቷን እየመታች። «ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አይሰድብም? እኔ የሰደብኋቸውን ያህል ባይሆን ግማሹን!»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የብራና መጻሕፍት ማየት በጀመርሁ ጊዜ፣ እኔ ባየኋቸው ውስጥ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነበር። የአንድ የጋይንት ገበሬ ስም በቀይ ተጽፎ አላየሁም። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ሲበጠብጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ያጡታል አልልም። ወይ ስሙን አይተው ጥቁር ነው ማለት ከበዳቸው፣ ወይም ጭራሽ ሳይጠይቁ ብሩን ሰጥተው ወረዱ። ሁለተኛው የእሳቸውን ሥራ የበለጠ ይመስላል። ዳጋ ሄጄ መዝገቡን ልጠይቅ እችል ነበር፤ ወንድ ነኝ፣ አይከለክሉኝም። አልሄድሁም።

ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁ ቁጥር፣ የተማርሁትን ሁሉ ለአንድ ነገር ብቻ ትፈልገው ነበር።

«አንተ ብራና ታነብባለህ አሉ» ትለኛለች፣ የመቀነቷን ጫፍ እያሻሸች። «የሟች ስም በቀይ ነው የሚጻፈው አይደል?»

«በቀይ ነው አክስቴ።»

«ምን ያደርጉ» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «በአሥር ብርማ በጥቁር ሊጽፉልኝ ኖሯል?»